የግቢ መስኖ ማጣሪያ፦ ጥሩ ገጠማ በምን ይታወቃል?

ማጣሪያ የሚገጠመው ሊቆሽሽ ነው። ይህን ልብ ያላለ ባለሙያ ቧንቧውን የቱንም ያህል አሳምሮ ቢዘረጋው ሥራው ከአንድ በጋ አይሻገርም። ግቢያቸው ውስጥ ስፕሪንክለር ወይም የጠብታ መስኖ ያስገቡ ሰዎች እንግዳ ሲመጣ የሚያሳዩት ሣሩንና አበባውን ነው። የእኔ ዓይን ግን የሚሄደው ከሮቶው ሥር ወዳለችው ፕላስቲክ ዕቃ ነው። የሠራተኛው ችሎታ፣ ጥንቃቄውና ለባለቤቱ ያለው አክብሮት እዚያች ላይ ይነበባሉ።

ጥሩ ባለሙያ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይጠይቃል። የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ለመጠጥ ተዘጋጅቶ ይወጣል፤ በፈረቃ ጠፍቶ ሲመለስ ግን ባዶ የቆየውን መስመር እየጠረገ ስለሚመጣ የመጀመሪያዎቹ ባልዲዎች ቡናማ ሊሆኑ ይችላሉ። የቆየ የብረት ቧንቧ ባለበት ግቢ ደግሞ ዝገቱ ከዚያው ከግቢው ይጨመርበታል። የጉድጓድ ውሃ አሸዋ ያመጣል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ቅጠልና አቧራ ይዞ ይወርዳል። እያንዳንዱ የተለየ ማጣሪያ ይፈልጋል።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ ያሳድራል። አሸዋ ከሆነ ወዲያው ከሥር ይዘቅጣል። እስከ ጠዋት እንደደፈረሰ ከቆየ የዋልካ ጭቃ ሊሆን ይችላል፤ የሸክላ አፈር ቅንጣት ከ2 ማይክሮን በታች ስለሆነ ለግቢ መስኖ የሚሸጥ ወንፊት አይዘውም። ጥርት ብሎ የተቀዳው ውሃ ጠዋት ቡናማ ሆኖ ከተገኘ ውስጡ የሟሟ ብረት አለ ማለት ነው፤ አየር ሲያገኝ ወደ ዝገት ይለወጣል። የሟሟን ነገር ወንፊት አይዝም። እንዲህ ያለ ውሃ መጀመሪያ በጋን ውስጥ አየር አግኝቶ፣ ረግቶና ዘቅጦ ነው ወደ ማጣሪያ መሄድ ያለበት። ማጣሪያ ከመሸጡ በፊት ይህን በግልጽ የሚነግር ባለሙያ ካገኙ አይልቀቁት።

ቀጥሎ የወንፊቱ ቀዳዳ ጥበት ይመጣል። ገበያ ላይ የሚጻፈው የሜሽ ቁጥር በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ ያሉትን ቀዳዳዎች ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። 80 ሜሽ ወደ 200 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ለሣር ስፕሪንክለር ይበቃል። ለጠብታ መስኖ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው 120 ሜሽ፣ ማለትም 130 ማይክሮን ገደማ ነው። የጠብታው መውጫ ከዚያ በብዙ እጥፍ ሰፊ ሆኖ ሳለ ወንፊቱ ይህን ያህል የሚጠበው ጥቃቅን ቅንጣቶች አፉ ላይ ተያይዘው ድልድይ ስለሚሠሩ ነው። ታዲያ «በጠበበ ቁጥር ይሻላል» የሚለው ሻጭ ይሳሳታል። ለመጠጥ ውሃ የተሠራውን ባለ 5 ማይክሮን ነጭ ካርትሪጅ የአትክልት መስመር ላይ ተገጥሞ አይቻለሁ። በደፈረሰ ውሃ ቶሎ ይደፈናል፤ ከዚያ ባለቤቱ ተማርሮ ካርትሪጁን አውጥቶ ይጥልና ባዶውን ዕቃ ይተወዋል። ከውጭ ሲታይ ማጣሪያ አለ፤ ውስጡ ግን ምንም የለም።

አሸዋ ለሚያመጣ ጉድጓድ የወንፊት ማጣሪያ ጥሩ ነው። ክዳኑ ክፍት በሆነ ገንዳ ወይም በጣሪያ ውሃ ላይ ግን አረንጓዴ አልጌና የበሰበሰ ቅጠል ለስላሳ ስለሆነ በወንፊቱ ቀዳዳ ተጨምቆ ያልፋል። እዚህ ላይ የሚያስተማምነው በተደራረቡ ባለመስመር የፕላስቲክ ቀለበቶች የሚሠራው የዲስክ ማጣሪያ ነው። ዋጋው ከፍ ቢልም ለእንዲህ ያለ ውሃ እኔ ሌላ አልመርጥም።

አሁን ብዙ ሥራ ወደሚወድቅበት ቦታ እንምጣ፤ ግፊት። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ገደማ ነው። 3 ሜትር ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ እንግዲህ 0.3 ባር ቢሰጥ ነው። ከመሬት ብቅ የሚለው ስፕሪንክለር 2 ባር አካባቢ ይፈልጋልና ያለ ፓምፕ አይሠራም። ከሮቶ በቀጥታ የሚወርደው የጠብታ መስመር ግን በዚያች ትንሽ ግፊት ሊሠራ ይችላል፤ ማጣሪያው ካልበላበት። ማጣሪያ ንጹሕም ሆኖ ከግፊቱ ይቀንሳል፤ መጠኑ ለመስመሩ ከተመጣጠነ 0.1 ባር አካባቢ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። በፓምፕ ለሚሠራ ይህ ምንም ማለት አይደለም። በሮቶ ለሚሠራ ሲሶው ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ባለ አንድ ኢንች መስመር ላይ ባለ ግማሽ ኢንች ማጣሪያ በማጥበቢያ ተገጥሞ ካዩ ሥራው ወድቋል፤ የቀረውን ማየት አያስፈልግም። ሮቶ ላይ የተመሠረተ መስኖ ማጣሪያው ከመስመሩ አንድ ደረጃ ሰፍቶ ቢገጠምለት ነው ደስ የሚለኝ።

በፓምፕ የሚሠራ መስኖ ላይ ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ሁለት የግፊት መለኪያዎች መኖራቸውን ይመልከቱ። የሁለቱ ልዩነት ወደ 0.5 ባር ሲጠጋ የማጽጃው ጊዜ ደርሷል። ዕቃው ርካሽ ነው፤ ግን ሠራተኞች ይዘሉታል፤ ባለቤቱም ማጣሪያው መታፈኑን የሚያውቀው ሣሩ ቢጫ ሲሆን ነው።

ማጣሪያው የተቀመጠበት ቦታም ይናገራል። ከፓምፑ በኋላ፣ ከመቆጣጠሪያ ቫልቮቹ በፊት ነው ቦታው። ፓምፑ ውሃ በሚስብበት በኩል ደቃቅ ማጣሪያ መግጠም ፓምፑን ማነቅ ነው። አሮጌ የብረት ቧንቧ ካለ ማጣሪያው ከእሱ በኋላ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የተጣራው ውሃ እንደገና ዝገት ይጭናል። ማዳበሪያ በውሃ አሟሙተው የሚያጠጡ ከሆነም ማዳበሪያው የሚገባው ከማጣሪያው በፊት ነው፤ ያልሟማች ቅንጣት እዚያው እንድትቀር።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምጨነቅበት ግን የመጠጥ ውሃው ነው። መስኖው ከከተማው መስመር ጋር በቀጥታ ከተያያዘ ውሃ በሚጠፋበት ሰዓት መስመሩ ወደ ኋላ ሊስብ ይችላል፤ በሣሩ ውስጥ የቆመው፣ ማዳበሪያ የነካው ውሃ ወደ ወጥ ቤት ይመለሳል። ፈረቃ ባለበት ከተማ ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። ከሁሉ የሚታመነው መፍትሔ የከተማው ውሃ ከላይ፣ በአየር ውስጥ ወደ ሮቶው እንዲወርድና መስኖው ከሮቶው ብቻ እንዲስብ ማድረግ ነው። ይህን ሳይጠየቅ ያደረገ ሠራተኛ ሥራውን የተማረው በሚገባ ነው።

እጁን ለመመዘን ደግሞ ጎንበስ ይበሉ። በማጣሪያው ላይ ያለው ቀስት ውሃው በሚሄድበት አቅጣጫ ነው? በሁለቱም በኩል መዝጊያና የሚፈታ ዩኒየን አለ? ክዳኑ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ሆኖ ወንፊቱን ስቦ ለማውጣት በቂ ክፍተት ተትቷል? ማጣሪያው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ነው የቆመው፣ ወይስ በቧንቧው ላይ ተንጠልጥሏል? ፒፒአር ቧንቧ ከመጠን በላይ ሞቆ ከተበየደ ውስጡ ቀልጦ ይጠባል፤ ከውጭ መጋጠሚያው ላይ የተረፈረፈ ቀለበት ምልክቱ ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ዕቃ ፀሐይ ላይ ከዋለ አልጌ ያበቅላል፤ ጥላ ይፈልጋል። የፕላስቲክ ጥርስ ላይ የብረት ኒፕል በኃይል ጠብቆ ካዩ አንድ ቀን መሰንጠቁ አይቀርም።

አንድ ነገር ሥራው ካለቀ በኋላ አይታይምና በዕለቱ ተገኝተው ይዩት። ስፕሪንክለሮቹ ከመገጠማቸው በፊት የመስመሩ ጫፎች ተከፍተው ውሃው ጥርት እስኪል መለቀቅ አለበት። በመጋዝ የተቆረጠ ፕላስቲክ ብናኝና ቁፋሮው ውስጥ የገባ አፈር ያሉት ከማጣሪያው ወዲያ ነው፤ ማጣሪያው አያገኛቸውም። ይህ ካልተደረገ አዲሱ ስፕሪንክለር በመጀመሪያው ቀን ይደፈናል፤ ጥፋቱም በውሃው ይመካኛል።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት ሠራተኛው ማጣሪያውን ከፍቶ፣ አጥቦ፣ ክብ ጎማውን በቦታው መልሶ ይዝጋ። ከዚያ ዕለት ዕለት አትክልቱን የሚያጠጣውን ሰው፣ ዘበኛም ይሁን አትክልተኛ፣ ይጥሩትና እሱ ደግሞ ያለ መፍቻ በእጁ ከፍቶ ይዝጋው። ካቃተው ወይም ውሃ ካንጠባጠበ ሥራው አላለቀም፤ ገንዘቡን ይያዙ።