የማክሎክሊን ቤት

የአንድ ቤት ውበት በጌጡ ብዛት ብቻ አይመዘንም፤ ደጁ ለማን እንደ ተከፈተና ለማን እንደ ተዘጋም ይመረመራል። በአሜሪካ አገር በኦሬገን ሲቲ የሚገኘው የዶክተር ጆን ማክሎክሊን ቤት እንዲህ ላለ ምርመራ የተገባ ነው።

ማክሎክሊን የሀድሰን ቤይ ኩባንያ ሹም ሆኖ በፎርት ቫንኩቨር ሲኖር፣ ረጅሙን መንገድ በሠረገላ ተጕዘው፣ ተርበውና ታርዘው ለሚደርሱት ሰፋሪዎች እህልና ዘር በዱቤ ይሰጥ ነበር። ሹመቱንም ትቶ፣ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1846 ዓመት፣ በዊላሜት ፏፏቴ አጠገብ ወዳሠራው ቤት ከሚስቱ ከማርጌሪት ጋር ገባ።

ቤቱ ምድርና ፎቅ ያለው የእንጨት ሥራ ነው። በሩ ከመካከል ቆሞ መስኮቶቹ በግራና በቀኝ እኩል ተሰልፈዋል። ቅርጹ ከአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የመጣ ነው፤ አዲስ ነገር አይፈጥርም። ነገር ግን በዱር ዳር ይህን ያህል ሥርዐት ማቆም፣ «እዚህ ልንኖር መጥተናል» ብሎ እንደ መናገር ነው።

ዳሩ ግን እንግዳ ተቀባዩ ራሱ ርስቱን አጣ። በ1850 የወጣው የመሬት ሕግ የከተማይቱን ይዞታ ከእጁ ነጠቀ፤ እርሱም በ1857 ሞተ። መሬቱ ለወራሾቹ የተመለሰው በ1862 ነው። ቤቱም የሆቴል ቤት ሆነ። በ1909 የወረቀት ፋብሪካ ቦታውን በፈለገው ጊዜ ግን፣ የከተማው ሰዎች ከመፍረስ አድነው ወደ ገደሉ አናት አወጡት። በ1970 የባልና የሚስቱ መቃብር ወደ አጠገቡ ተዛወረ።

ስለዚህ ቤቱ ዳነ፤ ትርጕሙ ግን በከፊል ከታች ቀረ። በርና መስኮቱ የተሠሩት ወንዙን እንዲያዩ ነበርና፣ ከፏፏቴው የተለየ ቤት ከገጹ የተቀደደ ቃል ይመስላል። ከዚህም የሚበልጥ ጕድለት አለ። በዚያው ፏፏቴ ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ ያጠምድ የነበረው የክላካማስ ሕዝብ በ1855 ውል መሬቱን ለቆ ወደ ግራንድ ሮንድ ሄዷል። እነርሱን የሚያስብ ግድግዳ በዚህ ቤት አልተሠራም።

እንግዲህ የማክሎክሊንን ቸርነት ብቻ የሚያይ ጐብኚ ግማሹን ቤት አየ። የተነጠቀው ሰው ርስት አስቀድሞ የሌላ ሕዝብ ርስት እንደ ነበረ ያስተዋለ ግን ቤቱን በሙሉ አየው።