በጎተራ ውስጥ ያለ ሙዚየም

በኬፕታውን ወደብ ዳር የሚገኘው ዛይትስ ሞካ የዘመናዊ የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ከመሆኑ በፊት የእህል ጎተራ ነበር። በ1924 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ያለቀው ይህ ሕንፃ 57 ሜትር ቁመት አለው። በቆሎ መርከብ ላይ እስኪጫን የሚጠራቀመው እዚህ ነበር። ሥራውን ካቆመ በኋላ አፍርሶ አዲስ መሥራት ይቻል ነበር። ደግነቱ አልፈረሰም።

ዲዛይነሩ ቶማስ ሄዘርዊክ ያደረገው ነገር እጅግ ያስደንቀኛል። አንዲት የበቆሎ ፍሬ ወስዶ ቅርጿን በኮምፒውተር አነሣና ብዙ ፎቅ ያህል አጎላት፤ ከዚያም እህል ይጠራቀምባቸው የነበሩትን፣ እርስ በርስ ተጣብቀው የቆሙትን የኮንክሪት ቱቦዎች በዚያው ቅርጽ አስቆረጣቸው። ስስ ግድግዳቸው እንዳይሰነጠቅ አስቀድሞ ከውስጥ ሌላ የኮንክሪት ሽፋን ተደርጎላቸዋል። በሩን አልፎ የገባ ሰው ራሱን በፍሬዋ ሆድ ውስጥ ያገኘዋል። ቀና ሲል ብርሃን በቱቦዎቹ አፍ ይወርዳል። የተቆረጠውን ጠርዝ ቀረብ ብላችሁ እዩት፦ የአሮጌው ኮንክሪት ገጽ ሻካራ ነው፤ መጋዝ ያለፈበት ግን እንደ መስታወት ተወልውሎ ያብረቀርቃል።

ክብ ግድግዳ ሥዕል ለመስቀል ስለማይመች የማሳያ ክፍሎቹ እንደሌላው ሙዚየም ነጭና ባለ አራት ማዕዘን ናቸው። ሥራዎቹ የአፍሪካውያንና በውጭ የሚኖሩ የአፍሪካ ልጆች ናቸው፤ ጊዜ ሰጥቶ ማየት ይገባል። ልቤ የሚቀረው ግን በፍሬዋ ቅርጽ በተቆረጠው አዳራሽ ላይ ነው።

ኬፕታውን ለሥራም ሆነ ለጉብኝት የምትሄዱ፣ ግማሽ ቀን ያዙለት።