አበጀ በለው የማይማርከው መዝገብ

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን የምናስታውሰው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ነው። ልክ ነው፣ የፍቅር መጽሐፍ ነው። ግን ሐዲስ ዓለማየሁ ስለ ግብርም ጽፈዋል፤ ያንን ክፍል አብዛኞቻችን በችኮላ ነው ያለፍነው። ፊታውራሪ መሸሻ ባላገሩ ላይ ጫና ያበዛሉ፣ ባላገሩ እምቢ ይላል፣ እሳቸው ጦር ይዘው ይዘምታሉ፣ በአበጀ በለው ይማረካሉ። እኛም እንስቃለን። ጉልበተኛ ሲዋረድ ማየት ደስ ይላል።

መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በ1960 ዓ.ም. በዛብህና ሰብለ ከተገናኙበት ከዲማ ብዙም በማይርቀው ቢቸና፣ በሞጣና በሌሎችም የጎጃም አካባቢዎች ገበሬው የምሩን አመፀ። መነሻው አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ነበር። አዋጁ ዐሥራትን አስቀርቶ ገበሬው በገቢው ልክ እንዲከፍል ያዛል። ወረቀቱን ብቻ ካያችሁት ፍትሐዊ ነው፤ ብዙ ያለው ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት ይከፍላል። ታዲያ ጎጃም ለምን እምቢ አለ?

ገቢን ለማወቅ ገማች ያስፈልጋላ! ገማቹን የላከው ደግሞ መንግሥት ነው። ገበሬው ማሳው ዳር የቆመውን ሰው ሲያይ የታየው ርስቱ ተለክቶ ሊወሰድበት መሆኑ ነው። ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ እንዲነሱለትም ጠየቀ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻ ገዢው ወደ ከፋ ተዛወሩ፣ ንጉሠ ነገሥቱም መጥተው የብዙ ዓመት ውዝፍ ግብር ሰረዙ።

ከልብ ወለዱ ጋር ያለኝ ጠብ እዚህ ጋ ይጀምራል። ሐዲስ ለበደል ፊት ሰጥተውታል፤ ፊቱ ሲማረክ ፍትሕ የመጣ ይመስለናል። ጎጃም ውስጥም ፊቱ ተቀየረ። ግምቱ ሲሠራ ከፋዩን ወክሎ ማን ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም። በመጽሐፉ ሥርዓቱን ራሱን የሚጠይቀው ጉዱ ካሳ ነው፤ እሱ ግን ብቻውን ነው፣ እንደ እብድም ይታያል። አበጀ በለው ሰው አለው። ሐሳቡና ሰዉ ተገናኝተው ማኅበር አይሆኑም።

«የድሮ ዘመን ልብ ወለድ ውስጥ ማኅበር መፈለግ አይከብድም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይከብዳል። ግን ደራሲው ሚኒስትርና አምባሳደር የነበሩ ሰው ናቸው፤ ቢሮን ከውስጥ ያውቁታል። ደግሞም ወቀሳዬ ከመጽሐፉ ይልቅ ለአነባበባችን ነው። ዛሬም ስለ ግብር ስናወራ የምንፈልገው ፊታውራሪ ነው።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ የደሞዝ ስሌት ኮድ ጽፌያለሁ። በ2017ቱ ማሻሻያ እስከ 2,000 ብር ያለ የወር ደሞዝ ግብር የለበትም፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ክፍል 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ለኮዱ ይሄ ጥቂት መስመር ነው። የቢቸና ገቢዎች ሠራተኛ ግን የባለሱቁን ገቢ ሲገምት ውሎ፣ የራሱ ግብር ደሞዙ እጁ ሳይገባ ተቆርጦ ይጠብቀዋል። ባለሱቁ ቢያንስ ቅሬታ አለኝ ብሎ ይከራከራል። ደሞዝተኛው በምን ይከራከር? ቁጥሩ ሀቅ ነው፤ ጥያቄው እርከኑ ሲወሰን ማን ነበር የሚለው ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉና የሥራቸው ጠባይ የሚፈቅድላቸው የመንግሥት ሠራተኞች መደራጀት እንደሚችሉ ይናገራል። የሠራተኛ ማኅበር የሚቋቋምበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኛን አይመለከትም። መብቱ ተጽፏል፤ መግቢያ በሩ አልተሠራም።

ስለዚህ ከጎጃም የሚመጣ ቀጣይ ልብ ወለድ ባነብ፣ ባለታሪኩ መዝገብ ያዡ እንዲሆን እመኛለሁ። በ1960 ገበሬው መዝገቡን የሚያየው ከውጪ ነበር። ይሄኛው ከውስጥም ከውጪም ያየዋል፤ ገማችም ተገማችም ነው። አበጀ በለው ፊታውራሪን ማርኳል። መዝገብ ግን አይማረክም፤ ሲሞላ አብሮ መቀመጥ ነው የሚያዋጣው።