ስለ ባሌ ገጣሚዎች ሸንጎ

ሰሚና አራሚ ያላገኘ የግጥም ስጦታ በምድር ውስጥ እንደ ተቀበረ መክሊት ነው። በባሌ ምድር የግጥም ሰሚ ከጥንት ጀምሮ አልታጣም፤ በድሬ ሼክ ሁሴን የሚሰበሰቡት ተሳላሚዎች ባህሮ የሚባለውን የኦሮምኛ ውዳሴ በኅብረት ያዜማሉ። ሊቁ አንድዜየቭስኪም ስለዚሁ የቃል ቅርስ የጻፈው ጥናት በ1974 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሮም ታትሟል።

በሮቤና በጎባ የጎደለው ግን አራሚ ነው። ግጥም በበዓል ቀን በንግግርና በንግግር መካከል ለጭብጨባ ብቻ ሲነበብ ገጣሚው ይመሰገናል እንጂ አይማርም። የቅኔ ቤት ሥርዓት ከዚህ ይሻላል፤ ተማሪው በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል፥ መምህሩም ያርመዋል፥ የትናንቱን መድገም ነውር ነው።

የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር በ1952 ዓ.ም. የተመሠረተው በአዲስ አበባ ነው፤ ከሮቤ ወደዚያ ያለው መንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይሁን እንጂ በሮቤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መምህራን አሉ። አማርኛና ኦሮምኛ ጠንቅቀው የሚያውቁ ጥቂት ሰዎች በየወሩ ተቀምጠው ግጥም ቢሰሙ፥ ቢያርሙና የተመረጠውን ቢያትሙ፥ የአገሩ ገጣሚ ከጭብጨባ የሚበልጥ ዋጋ ባገኘ ነበር።