ገዢው የማያየው ሥራ

ኅዳር ላይ ማሽላው ሲደርስ ከመርሳ እስከ ሲሪንቃ ያለው ገበሬ ማጭዱንና ቢላዋውን ይዞ ማሳ ይወርዳል። ሲሪንቃን ብዙ ሰው የሚያውቃት በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። ማዕከሉ ዝናብ ለሚያጥረው አካባቢ የሚስማሙ የማሽላ ዝርያዎችን ሲያወጣ ኖሯል። ዝርያው ቢሻሻልም አገዳው ዛሬም የሚቆረጠው በእጅ ነው፤ በእጅ በሚታጨድበት አገር ሁሉ ደግሞ ቀጥቃጭ አለ።

እኔም ቀጥቃጭ ነኝ፤ የምሠራው ባረጀ ብረት ነው፦ በተበላ የትራክተር ዲስክ፣ ከጭነት መኪና በወጣ ባሌስትራ፣ ጥርሱ ባለቀ ሞረድ። ሁሉም ብረት ይባሉ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ቢላዋ የሚወጣው በቂ ካርቦን ካለው አረብ ብረት ነው። ባሌስትራ አብዛኛውን ጊዜ 0.6 በመቶ ያህል ካርቦን አለው፤ ጥሩ ሞረድ ከ1 በመቶ ያልፋል። ተራው የግንባታ ፌሮ ግን ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ የቱንም ያህል ቢቀጠቀጥ ስለት አይዝም። ዲስክ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ሳይፈተን አይታመንም።

ስለዚህ ከመዶሻው በፊት ፈተና ይቀድማል። ግራይንደር ሲነካው ካርቦን የበዛበት ብረት እየተሰነጣጠቀ የሚበተን ብዙ ፍንጣሪ ይረጫል፤ ለስላሳው ግን ረጅምና ቀጭን መስመር ያወጣል። ቀጥሎ ትንሽ ቁራጭ አግዬ ውሃ ውስጥ እነክርና በመስፉ ላይ እመታታለሁ። ከታጠፈች ለቢላዋ አትሆንም። ከተሰበረች ስብራቷን አያለሁ፤ ደቃቅና ግራጫ ከሆነ እሳቱ ልክ ነበር፣ እንደ ስኳር ፍሬ ከጎላ ሙቀቱ በዝቷል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ባለፈበት በዚህ አካባቢ ደግሞ አንድ ሕግ አይጣስም፦ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ብረት፣ በተለይ የጥይትና የመድፍ ቀለህ የሚመስል ነገር፣ ወደ እሳት አይገባም።

ቅርጽ ማውጣቱ ጉልበትና ልምድ ይጠይቃል፤ የቢላዋው ዕድሜ የሚወሰነው ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ከዚያ ጥቂት ጨምሬ ባሌስትራውን ለብ ያለ ዘይት ውስጥ አስገባዋለሁ፤ ውሃ ውስጥ ቢገባ በድንገት ቀዝቅዞ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዘይቱ ሲወጣ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው። ስለዚህ ጥላሸቱን ጠርጌ፣ ፊቱ የገለባ ቀለም እስኪይዝ፣ 200 ዲግሪ አካባቢ እንደገና በዝግታ አሞቀዋለሁ። ይህ ማለዘብ ከተዘለለ ስለቱ አጥንት ሲነካ ይሸረፋል፤ ከበዛ ደግሞ ቶሎ ይዶለድማል።

ገበያ ላይ ግን ይህ ሁሉ አይታይም። ገዢው ስለቱን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፣ የወይራ እጀታውን ይጨብጣል፣ ዋጋ ይከራከራል። በአግባቡ የጠነከረውና በችኮላ የተሠራው ቢላዋ ከተሳሉ በኋላ ለዓይን አንድ ናቸው። ልዩነቱ የሚወጣው ገበሬው ማሳ መሃል ሳለ፣ ሌላ ለመግዛት ጊዜ በሌለው ሰዓት ነው። የሙያችን ክብር ያለው ገዢው ሊመረምረው በማይችለው በዚህ ክፍል ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የማለዘቢያውን ጊዜ የሰረቀ ቀጥቃጭ የሰረቀው የሰው አዝመራ ነው።

ይህ እውቀት ለዘመናት ሲያስከብር ሳይሆን ሲያሰድብ ኖሯል። የሚያርስበትን ማረሻና የሚያጭድበትን ማጭድ ከቀጥቃጭ እጅ የሚቀበል ሕዝብ፣ ቀጥቃጩን ቡዳ እያለ ከጋብቻና ከማዕድ አራቀው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ስድቡ ፈጽሞ አልጠፋም። የተናቀ ሙያ ደግሞ ከቤተሰብ አይወጣም፤ ልጆች ሲሸሹት ከነእውቀቱ ይቀበራል።

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ብየዳና ማሽን ሥራ ያስተምራሉ። ከጎኑ የቀጥቃጩ ምድጃ ቢተከል፣ ተማሪው የካርቦኑን መጠን ከመጽሐፍ፣ የእሳቱን ቀለም ከባለሙያው ይማራል። ባለሙያውም በአስተማሪነት ደመወዝ ይከፈለው። ክብር በአዋጅ ብቻ እንደማይመጣ አይተናል፤ ሰው ልጁን ወደ ምድጃው አምኖ የሚልከው ሙያው እንጀራ ሲያበላና ስም ሲያስጠራ ሲያይ ነው።