ከቀርሜሎስ እሳት ወዲያ፦ የኤልያስ ታሪክ ከካራቆሬ ሲነበብ

ነቢዩ ኤልያስ ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው ቀርሜሎስ ነው፤ በአንድ ወገን 450 የበኣል ነቢያት፣ በሌላው ወገን እርሱ ብቻውን፣ በመጨረሻም ከሰማይ የወረደ እሳት። ሰባኪም ሠዓሊም ይወደዋል። ነገር ግን ምእመን ዕድሜ ልኩን አንድ ጊዜም ቀርሜሎስ ላይ ላይቆም ይችላል፤ በማጀቱ፣ በገበያውና በእርሻው ግን በየቀኑ ይቆማል። ለዕለት ኑሮ የሚሆነው የኤልያስ ትምህርት የሚገኘው ከእሳቱ በፊትና በኋላ ባሉት ምዕራፎች ነው የሚለው የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ነው። ንባቡ የሚነሣውም ድርቅን፣ የምድር መንቀጥቀጥንና ቃጠሎን በወሬ ሳይሆን በኑሮ ከሚያውቀው ከካራቆሬ አካባቢ ነው።

ካራቆሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በአጣዬና በከሚሴ መካከል ትገኛለች። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 15ኛው መባቻ የወላስማ ሱልጣኖች የገዙት፣ ካራቆሬ ያለችበት ይፋት ዛሬም ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አርጎባው አብረው የሚኖሩበት ቆላ ነው። ኤልያስም የአንድ ወገን ነቢይ አይደለም። ቁርኣን በ6ኛውና በ37ኛው ሱራ ያነሣዋል፤ በ37ኛው ሕዝቡን ስለ በኣል አምልኮ ሲገሥጽ ይታያል። በሁለቱም ቤት ልጅ ኤልያስ ይባላል። ስለዚህ በዚህ አገር ታሪኩን እንዴት እናንብበው የሚለው ጥያቄ ጎረቤትንም ይመለከታል።

እንጀራው ከማን እጅ መጣ?

ታሪኩ በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 17 የሚጀምረው በድርቅ ነው። ኤልያስ ዝናብ እንደሚቀር ለንጉሥ አክዓብ ይነግረዋል፤ ብዙም ሳይቆይ የሚጠጣበት ፈፋ ይደርቃል። ራሱ ካወጀው መከራ ነቢይነቱ አላስመለጠውም። ቀጥሎ የተላከው ወደ ሰራፕታ ነው። ሰራፕታ የሲዶና ናት፤ የበኣልን አምልኮ በእስራኤል ያጠናከረችው ንግሥት ኤልዛቤልም የሲዶናውያን ንጉሥ ልጅ ናት። እንግዲህ ነቢዩን የመገበችው ከባላጋራው አገር የሆነች፣ አንድ እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት የቀራት መበለት ናት። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ኢየሱስ ይህን ባስታወሰ ጊዜ የናዝሬት ሰዎች ተቆጥተው ከከተማ አስወጡት። ቁጣቸው ታሪኩ የት ላይ እንደሚያም ያሳያል።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ በዚሁ አካባቢ በአንጾኪያ ሸለቆ የእርዳታ ጣቢያ ተከፍቶ ነበር። ያን ዘመን ላየ ሰው የመበለቲቱ ጭንቀት ማብራሪያ አያሻውም፤ ይቺን እፍኝ ለልጄ ላቆያት ወይስ ለእንግዳው ላካፍላት? የዱቄቱ አለማለቅ ተአምር ነው፤ የመጀመሪያዋ ቂጣ ግን የሰው ውሳኔ ናት። ከኤልያስ ወገን ያለው ትምህርት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፦ የእምነት ሰው መስጠትን ብቻ ሳይሆን፣ ከማያምንበት ቤት እጁን ዘርግቶ መቀበልንም መማር አለበት።

በመንቀጥቀጡ ውስጥ ያልነበረው

በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ማብቂያ በካራቆሬና በማጀቴ አካባቢ ምድር ተናወጠ። ማጀቴ ፈራረሰች፤ በካራቆሬ ቤቶች ወደቁ፤ አውራ ጎዳናው ተሰነጠቀ፤ መንቀጥቀጡም ለወራት ተመላለሰ። ክስተቱን በሰፊው ካጠኑት አንዱ ፒየር ጉዌን ነው፤ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያን የመሠረተ ካናዳዊ ሳይንቲስት፣ ደግሞም ኢየሱሳዊ ካህን። የሳይንሱ ማብራሪያ ግልጽ ነው፦ አካባቢው ደጋው ወደ አፋር ዝቅታ የሚወርድበት የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው፤ ምድር ስትለጠጥ ዐለቱ በስንጥቆቹ ላይ ይንሸራተታል።

ይህ ማብራሪያ ከምዕራፍ 19 ጋር አይጣላም። ኤልያስ ኤልዛቤልን ሸሽቶ፣ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ይለምናል። የሚመጣለት ተግሣጽ አይደለም፤ እንቅልፍ፣ ቂጣና ውሃ ነው፣ ያውም ሁለት ጊዜ። በኮሬብ ተራራ ነፋስ፣ መንቀጥቀጥና እሳት በተራ ያልፋሉ፤ እግዚአብሔር ግን በሦስቱም ውስጥ አልነበረም፤ የመጣው ከዚያ በኋላ በተሰማው ዝግ ያለ ድምፅ ነው። የፈረሰ ቤት አይቶ የባለቤቱን ኃጢአት መቁጠር እንግዲህ ከኮሬብ ጋር የሚጋጭ ንባብ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ ምድር ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥና ሰዎች ሲፈናቀሉም፣ ከእምነት ሰው የሚጠበቀው የቅጣት ትርጓሜ ሳይሆን መጠለያና ምግብ ነበር።

እሳት የመጥራት ፈተና

ለዚህ ንባብ ከባዱ መቃወሚያ የሚመጣው ከራሱ ከጽሑፉ ነው። ኤልያስ በቂሶን ወንዝ የበኣልን ነቢያት አሳርዷል፤ ከዝግታው ድምፅ በኋላ የተሰጠው ትእዛዝም ሊነግሡ ያሉትን የአዛሄልንና የኢዩን ሰይፍ ይጨምራል። ይህን ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። ነገር ግን ቅዱስ መጽሐፍ ራሱ ጉዳዩን እዚያ ላይ አልዘጋውም። በሉቃስ ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ባልተቀበለቻቸው የሳምራውያን መንደር ላይ ከሰማይ እሳት ሊጠሩ ሲሹ ኢየሱስ ገሠጻቸው። በ2011 እና በ2013 ዓ.ም. በአጣዬ፣ በካራቆሬና በዙሪያቸው በተነሣው ግጭት ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል። የግጭቱን መንስኤ መተንተን የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። የቀርሜሎስን እሳት በጎረቤት ላይ የሚያዞር ስብከት ግን እዚህ አገር ምን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ነቢዩን ለብርቱ እርምጃ ያነሣሣው አንዱ ስሜት፣ እውነተኛ እኔ ብቻ ቀረሁ ማለቱ ነበር። መልሱ 7000 ሰዎች ለበኣል እንዳልሰገዱ የሚገልጽ ነው። እንዲያውም አብድዩ በአክዓብ ቤተ መንግሥት እያገለገለ 100 ነቢያትን በዋሻ ደብቆ ሲመግብ ኖሯል፤ ኤልያስም ይህን ከራሱ አፍ ሰምቷል። ብቸኛ ጻድቅ ነኝ የሚል ሰው በዝምታ መልካም የሚሠራውን ጎረቤቱን አያይም።

ከኮሬብ ሲወርድ

ከኮሬብ ከተሰጡት ሦስት ተልእኮዎች (አዛሄልን፣ ኢዩንና ተተኪውን ኤልሳዕን መቀባት) ኤልያስ በእጁ ሲፈጽም የምናነበው አንዱን ብቻ ነው። የአዛሄልና የኢዩ ጉዳይ የተፈጸመው በኤልሳዕና በላከው ወጣት ነቢይ ነው። ኤልያስ የሄደው በ12 ጥማድ በሬ ወደሚታረሰው ማሳ ነው። በዚያ የተጠራው ኤልሳዕ ጥማዱን አርዶ፣ በዕቃው እንጨት ሥጋውን ቀቅሎ ሕዝቡን አበላ። የጥማድ በሬን ዋጋ የሚያውቅ የይፋት ገበሬ የዚህን ግብዣ ክብደት ከማንም በላይ ይረዳል። በምዕራፍ 21 ደግሞ ኤልያስ ከአክዓብ ጋር የተፋጠጠው ስለ ናቡቴ ርስት ነው፤ በሐሰት ምስክር ስለተገደለና መሬቱ ስለተነጠቀ አንድ ሰው።

ሙሉ ታሪኩ ሲነበብ እንግዲህ የእምነት መለኪያው ይለወጣል። ያለችውን ቂጣ ማካፈል፣ የደከመውን ሳይገሥጹ መመገብ፣ በሸንጎ እውነት መመስከር፣ የጎረቤትን መሬት አለመመኘት፤ ኤልያስ ለካራቆሬ ሰው የሚያወርሰው ይህን ነው። ቀርሜሎስን ብቻ ነጥሎ የሚያስተምር ሰባኪ የታሪኩን ግማሽ ያስቀራል፤ ያስቀረውም ሰው በየቀኑ ሊኖረው የሚችለውን ግማሽ ነው።