ጩኸትና ፉከራ፦ በ«ሞዓ አንበሳ» አልበም ላይ ስለሚነሣው ክርክር

መግቢያ

አንድን የሙዚቃ ባንድ መውደድም ሆነ መጥላት የግል ጉዳይ ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ሰዎች ስለ ወደዱትና ስለ ጠሉት ነገር መከራከር ሲጀምሩ ጉዳዩ የግል መሆኑ ይቀራል፤ «በምን ሚዛን ነው የምንመዝነው?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ይህ ደግሞ የሐያሲ ጥያቄ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምመለከተው ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ የፓንክ ሮክ ባንድ ከዕውቁ የሳክስፎን ተጫዋች ከጌታቸው መኩሪያ ጋር በ2006 ያወጣውን «ሞዓ አንበሳ» የተባለ አልበም ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጉዳዩ የሙዚቃ ሆኖ ሳለ በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ የማቀርበው ያለ ምክንያት አይደለም። የአልበሙ እምብርት ሽለላ ነው፤ ሽለላ ደግሞ የሥነ ቃል ሀብታችን ነው።

አስቀድሜ ለአንባቢ የምናዘዘው ነገር አለ። አልበሙን መጀመሪያ በሰማሁ ጊዜ ከነቃፊዎቹ ወገን ነበርሁ። በአንድ የሥነ ቃል ክፍለ ጊዜ ላይ ከአልበሙ ሽለላ መርጬ ለተማሪዎቼ አሰማኋቸው፤ ዓላማዬም ወግ ሲበላሽ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ነበር። ተማሪዎቼ ግን ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ ከእኔ ጋር ሲስማሙ፣ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ እስከ ዛሬ ሽለላን አነበብነው እንጂ ሰምተነው አናውቅም። አሁን ገና ፈራሁ» አለችኝ። ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልሴ ነው።

1. ሽማግሌውና ባንዱ

ጌታቸው መኩሪያ በ1935 በይፋት ተወለዱ። ክራርና ማሲንቆ ከተለማመዱ በኋላ ወደ ሳክስፎንና ክላርኔት ተሻገሩ። በ1948 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ፣ በ1955 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ደግሞ በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ስማቸው በዋነኛነት የሚነሣው ግን ሽላዩ በድምፁ የሚያደርገውን ሁሉ፣ ማለትም መንቀጥቀጡን፣ ትንፋሽ አርዝሞ መጎተቱንና ድንገት ማቋረጡን፣ ወደ ሳክስፎን በማምጣታቸው ነው። በመድረክ ላይ ጎፈር ደፍተው ሲቀርቡ ያያቸው ሰው ሙዚቃ ሊሰማ የመጣ አይመስለውም፤ ግብር ላይ የተገኘ ይመስለዋል።

ዘ ኤክስ የተመሠረተው በ1979 ነው። ከአምስተርዳምና ከአካባቢዋ፣ ሰው የማይኖርባቸውን ቤቶች እየያዙ ከሚኖሩ ወጣቶች እንቅስቃሴ መካከል የወጣ ባንድ ነው። የመጀመሪያ አልበሙን ባሳተመበት በ1980፣ ንግሥት ቤአትሪክስ ዙፋን በያዘችበት ዕለት፣ የዚሁ እንቅስቃሴ ወጣቶች በአምስተርዳም ጎዳናዎች ከፖሊስ ጋር ሲጋጩ ውለዋል። በ1986 ባንዱ ስለ 1936ቱ የስፔን አብዮት ያዘጋጀውን ሸክላ ከፎቶግራፍ መጽሐፍ ጋር አወጣ። ትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎችን ሳይጠጋ በራሱ መንገድ ሲሠራም ኖሯል።

እንግዲህ ነገሩን አስተውሉ። በአንድ በኩል ከፖሊስ ጋር ከተጋጨ ትውልድ የወጣ፣ ዘውድን የማይወድ ባንድ አለ፤ በሌላ በኩል የፖሊስ ኦርኬስትራ አባል የነበሩ ሽማግሌ አሉ። አልበማቸውም የነገሥታቱን ማዕረግ ተሸክሞ «ሞዓ አንበሳ» ተባለ። ይህ ጋብቻ ክርክር ባያስነሣ ነበር የሚደንቀው።

መገናኘታቸውም በአጋጣሚ ብቻ አይደለም። ዘ ኤክስ በ2002 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በልዩ ልዩ ከተሞች ተጫወተ። በ2004 ባንዱ 25ኛ ዓመቱን በአምስተርዳም ሲያከብር ጌታቸውን ጋበዘ። ከዚያ በኋላ ለአዲስ አልበማቸው እንዲያጅባቸው ባንዱን የጠየቁት ጌታቸው ራሳቸው ናቸው። ይህች ነጥብ ኋላ ስለምታስፈልገን አንባቢ ይያዝልኝ።

2. ሁለቱ ክሶች

ፓንክ ሮክ ከተወለደ ጀምሮ ሁለት ክሶች ተለይተውት አያውቁም። የመጀመሪያው የሐያስያን ክስ ሲሆን «መጫወት አይችሉም» የሚል ነው። በ1976 አንድ የእንግሊዝ ሙዚቃ ጋዜጣ ሐያሲ ዘ ክላሽ የተባለውን የለንደን ባንድ ከሰማ በኋላ ወደ ወጣበት ጋራዥ ቢመለስ ይሻላል ብሎ ጻፈ፤ ባንዱም ስድቡን ተቀብሎ ዘፈን ሠራበት። ሁለተኛው ክስ ከአድናቂዎች የሚመጣ ሲሆን «ካዱን» የሚል ነው። ያው ዘ ክላሽ በ1977 ሲቢኤስ ከተባለው ትልቅ ኩባንያ ጋር ሲፈራረም፣ ትናንት የሚያጨበጭቡለት ሰዎች ፓንክን ሸጠው ብለው ተነሡበት። ስለዚህ ሐያሲው ችሎታን፣ አድናቂው ደግሞ ታማኝነትን ይጠይቃል ማለት ነው።

በ«ሞዓ አንበሳ» ላይ የሰማኋቸው ነቀፌታዎችም ተጠቃለው ሲታዩ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። የቀድሞውን የአዲስ አበባ ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች የጊታሩ ጩኸት የሽማግሌውን ድምፅ ዋጠው፤ ፈረንጆቹ ቅኝታችንን አያውቁትም ይላሉ። የፓንክ ወዳጆች በበኩላቸው፣ ባንዱ የጥንቱን ቁጣውን ጥሎ ወደ ጃዝና ወደ «ዓለም ሙዚቃ» ገበያ ሄደ ይላሉ። ከእኛ ወገን ደግሞ ሦስተኛ የሚመስል፣ በመሠረቱ ግን የታማኝነት ጥያቄ የሆነ ክርክር አለ፦ «ነጮቹ በሽማግሌው ስም ነገዱበት» የሚል። ይህ የመጨረሻው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የአገራችን የሙዚቃ ሰዎች ሥራቸው ባሕር ማዶ ሲወደድ ጥቅሙ ለእነርሱ ይደርሳል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አድናቂዎቹም ቢሆኑ ከስሕተት አልዳኑም። የምዕራባውያን ሐያስያን የጌታቸውን ሽለላ ሲሰሙ ቶሎ ብለው ከአሜሪካዊው ከአልበርት አይለር ጋር ያመሳስሏቸዋል፤ «ነጻ ጃዝ» የሚል ስምም ይሰጡታል። አይለር የመጀመሪያ ሥራውን የቀዳው በ1962 ነው፤ ጌታቸው ግን ሽለላን በሳክስፎን መጫወት የጀመሩት ከዚያ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብለው ነው። ምስጋናው በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም ሚዛኑ የተዋሰ ነው። ሽላዩ ከአደባባይ የተቀበለው ሕግ አለው፤ «ነጻ» ሲባል ያ ሕግ ይሰረዛል።

3. የፉከራ ሚዛን

ታዲያ ከራሱ ከሽለላና ከፉከራ የሚወጣ ሚዛን የለም ወይ? አለ እላለሁ። ፎካሪ «ዘራፍ» ብሎ ሲነሣ ድምፁ ማማሩን የሚመረምር የለም። አደባባዩ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ይህ ሰው የሚለውን አድርጓል ወይ? ገድል ሳይኖረው የሚፎክር ሰው መሳቂያ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የሚያውቁት ሰዎች ፊት ነው ወይ የቆመው? ፉከራ ምስክር ይፈልጋል። ሦስተኛ፣ «በለው!» የሚል ተቀባይ፣ እልል የምትል ሴት አለች ወይ? ፉከራ ብቻውን አይቆምም። ልብ ካልን፣ ሐያሲውና አድናቂው ለየብቻ የያዟቸው ችሎታና ታማኝነት እዚህ ላይ አንድ ይሆናሉ፤ የፎካሪ ችሎታው ቃሉን በሥራው መሸከሙ ነውና።

አልበሙን በዚህ ሚዛን ደግሜ ስሰማው ፍርዴ ተለወጠ። በሽለላዎቹ ላይ ጊታሮቹ ሳክስፎኑን ሊያጅቡ ሲሞክሩ አይሰሙም። የቴሪ ሄሰልስና የአንዲ ሙር ጊታሮች አጫጭር ሻካራ ምቶችን እየደጋገሙ ይወረውራሉ፤ የካተሪና ቦርነፈልት ድራም ደግሞ መሬት እንደሚረግጥ እግር ከሥር ይመታል። ጌታቸው ትንፋሻቸውን አርዝመው ሲጎትቱ እነርሱ ይቆያሉ፤ ሲያቋርጡ ይገባሉ። እኔ መጀመሪያ ጩኸት ያልሁት ነገር የተቀባይ ሥራ ነው፤ «በለው!» የሚለው የአደባባይ ድምፅ በጊታር ሲነገር ነው። የሠለጠነ ኦርኬስትራ ይህን ሊያደርግ አይችልም ባልልም ይከብደዋል፤ ሥልጠናው ማለስለስን ነውና። ተማሪዬን ያስፈራትም ይኸው ይመስለኛል። በመጽሐፍ ላይ የታተመ ሽለላ ተቀባይ የለውም፤ ስለዚህ ማንንም አያስፈራም።

ስለ ታማኝነትም ቢሆን፣ ባንዱን የመረጡት ጌታቸው መሆናቸውን ከላይ ተመልክተናል። በአልበሙ ሽፋን ላይ የሚቀድመው የእርሳቸው ስም ነው፤ የባንዱ ስም ይከተላል። ከዚያም በኋላ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መድረኮች አብረው ዞረዋል፤ በ2008 በኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ተጫውተዋል፤ በ2012 «የአንበሳው ትዝታ» የተባለውን ሁለተኛ ሥራቸውን አውጥተዋል። ለአንድ ጊዜ ገበያ የተጠራ እንግዳ እንዲህ አይከርምም። «ነገዱበት» የሚለው ክስ የሽማግሌውን ምርጫ ከቁም ነገር ሳይቆጥር ያልፋል፤ የሰባ ዓመት ከያኒ የሚፈልገውን አያውቅም እንደ ማለት ነው። ይህ ክስ ለእርሳቸው የተቆረቆረ ይምሰል እንጂ ክብራቸውን የሚነካ ነው።

4. የማይቀበሉት ነገር

ይህን ስል አልበሙ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። በለስላሳዎቹ የፍቅር ዜማዎች ላይ የነቃፊዎቹ ጆሮ አልተሳሳተም። እነዚህ ዜማዎች ተቀባይ አይፈልጉም፤ ዝምታ ይፈልጋሉ። ለሽለላው የረዳው ግፊት እዚህ ላይ ዜማውን ያጣድፈዋል፤ ጌታቸው ገና ሳይጨርሱ ድራሙ ወደፊት የሚጎትታቸው የሚመስልባቸው ቦታዎች አሉ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከሥነ ቃል አንጻር የከበደ ነው። ሽለላ ወደ ሳክስፎን ሲሻገር ቃሉን ይጥላል። የማን ልጅ፣ የየት አገር ሰው፣ ማንን የጣለ መሆኑ፣ ያ ሁሉ ምስክር የሚጠራበት ስም ይቀርና ስሜቱ ብቻ ይቀራል። ይህ ጥያቄ ከዘ ኤክስ በፊት፣ ከጌታቸው የመጀመሪያ ሙከራ ጀምሮ የነበረ ነው። ጌታቸው የቀረውን ቃል በገዛ ሕይወታቸው የሚተኩት ይመስለኛል፤ ገድላቸው ከስልሳ ዓመት ያላነሰ ሙያቸው ነው፤ የሚያውቃቸው ሰው ስማቸውን በድምፁ ውስጥ ይሰማል። ድምፃዊው ጂ. ደብሊው ሶክ በአንዳንድ ቦታ በእንግሊዝኛ የሚወረውረው ቃል ግን ይህን ክፍተት አይሞላም። በባንዱ የራሱ ሥራዎች ውስጥ ኃይለኛ የሆነው ይህ ድምፅ፣ እዚህ ላይ ከሽላዩ ጎን የቆመ ሌላ ፎካሪ ይሆንና አድማጩ የማንን ገድል እንደሚሰማ ግራ ይጋባል። አንድ አደባባይ በአንድ ጊዜ ሁለት ፎካሪ አይችልም።

ማጠቃለያ

ጌታቸው መኩሪያ በ2016 ዐረፉ። ክርክሩ ግን አልበሙ በተሰማበት ሁሉ ይነሣል፤ መነሣቱም መልካም ነው። የእኔ አስተያየት ሲጠቃለል፣ «ሞዓ አንበሳ» በሽለላዎቹ ተሳክቶለታል፤ በለስላሶቹ ዜማዎች ደክሟል፤ በእንግሊዝኛው ቃል ደግሞ ስቷል። ከዚህ ፍርድ ይልቅ ግን ለእኛ ለሥነ ቃል ሰዎች የሚጠቅመን፣ ከሆላንድ የመጣ የፓንክ ባንድ በማስተማር ዘዴያችን ውስጥ ያለ ጉድለት ማሳየቱ ነው። ሽለላንና ፉከራን ሰብስበን፣ ስንኙን ቆጥረን፣ ቤት አመታቱን መርምረን ጽፈናል፤ ተቀባዩን ግን ጨርሶ ረስተነዋል ማለት ይቻላል። ወደፊት በዚህ ዘርፍ የሚያጠኑ ተማሪዎች «ፎካሪው ምን አለ?» ከሚለው ጋር «ማን መለሰለት?» የሚለውንም ቢመዘግቡ፣ ጥናቱ የጎደለውን ግማሽ ያገኛል ብዬ አምናለሁ። አሁን ያችን ሽለላ በክፍል ውስጥ በየዓመቱ አሰማታለሁ፤ የወግ መበላሸት ምሳሌ ናት ማለቱን ግን ትቻለሁ።